የሠራተኞቼ ምሳ እና የጋሼ አንቀጽ

የጉባኤ ዕቃ ነው የማከራየው። የጠረጴዛ ልብስ፣ የወንበር ሽፋን፣ በየአገሩ ፊት የምትቆም ትንሽዬ ባንዲራ፣ ባንዲራዋ የምትሰካበት እንጨት። ሱቄ ድሮ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ባምቢስ ተጠጋሁ። አዳራሾቹ አልፈረሱም፤ ስለዚህ እኔም አልፈረስኩም። ሰው ምን ትሠራለህ ሲለኝ አገሮችን አለብሳለሁ እላለሁ። ይስቃሉ። ውሸት ግን አይደለም፤ የኔ ጨርቅ ባይኖር ሚኒስትሩ ሁሉ ክርኑን የሚያሳርፈው የተላጠ ኮምፔርሳቶ ላይ ነው።

ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የዋጋ ክርክር ነው። ከሆቴሎች ጋር ውል ስዋዋል ሁልጊዜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ቀብድ፣ የእጥበት ሒሳብ፣ የሠራተኞቼን ምሳ። የምፈልገው ሁለቱን ነው። ምሳው የሚተው ነው። ገዢ አንድ ነገር ካላስተወህ ያሸነፈ አይመስለውም፤ ያሸነፈ ካልመሰለው ደግሞ አይፈርምም። ይኼን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ለምሳው የሚከራከረው ሰው ምሳው እንደሚተው ማወቅ የለበትም።

ስለዚህ ሠራተኞቹን የምታስተባብርልኝን ሴት እልካለሁ። እሷ ለምሳው ከልቧ ትከራከራለች። ልጆቹ ከንጋት ጀምረው ወንበር ሲሸከሙ እንደሚውሉ፣ አንዱ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተዝለፍልፎ እንደወደቀ ትናገራለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያፍራል፤ እያፈረም እምቢ ይላል። ያኔ እኔ እገባና በቃ ምሳውን ተዉት፣ እኛው እንችለዋለን እላለሁ። ከገደል ጫፍ እንደመለስኩት ሆኖ ያየኛል፤ ቀብዱንና እጥበቱን ሳያነብ ይፈርማል። ስንወጣ ሴትዮዋ በሚቀጥለው እናስፈቅዳለን ትለኛለች። አይቀርም እላታለሁ። ዓመታት አለፉ፤ ልጆቹ ምሳቸውን አሁንም ከቤታቸው በፌስታል ነው የሚያመጡት።

ይኼን የማወራው ስለ ጋሼ ለመናገር ነው። ጋሼ የቂርቆስ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ፣ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የማይጠፉ ክርስቲያን፤ እድራችን ግን አንድ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት፣ አሁንም የሚሠሩት የአገርን የበረራ ጉዳይ በሚይዝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራቸውን ሲያስረዱኝ፣ አውሮፕላን ሰው አገር ዝም ብሎ አያርፍም ይሉኛል። በሳምንት ስንት ጊዜ ያርፋል፣ እዚያ ምን ይጭናል፣ ከዚያስ ተነስቶ ወደ ሌላ አገር መቀጠል ይችላል ወይ፣ ሁሉም በአገርና በአገር ክርክር ይወሰናል። ፓይለቱ የሚያየው ደመና ነው፤ ደመናው ግን በጠረጴዛ ላይ የተሸነሸነ ነው። ሲናገሩት ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ጠረጴዛው የኔ ነው እያልኩ አበሽቃቸው ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከረመች፤ ሲመራት ባሕር ተሻግራ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ለአባቷ ሆቴል ነው የምሠራው ትላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ልቧ ደክሞ ሞተች የሚል ወረቀት መጣ። ለጋ ልጅ ናት። ልቧ ምን ሠርቶ ደከመ ብሎ የጠየቀ የለም።

አስከሬኗ ይገባል በተባለበት ቀን ከእድሩ ጋር ወደ ካርጎ ሄድኩ። እኔ ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። ለአንድ ትልቅ ጉባኤ ያዘዝኩት ጨርቅ በዚያው አውሮፕላን ይገባ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ፣ አስከሬኑ ጭነት ስለበዛ ወርዷል፣ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል አለ።

"ምን በዝቶ ነው?" አሉ ጋሼ።

"ስልክ ነው መሰለኝ። ጨርቅም አለ።"

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። የጨርቄን የጉምሩክ ዴክላራሲዮን በእጄ እንደያዝኩ ነበርኩ።

"ውሰድ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ" አሉኝ።

ወሰድኩት። ጉባኤው አይጠብቀኝም ነበር። ሬሳ ሊጭን የመጣው መኪና ባዶውን እንዳይመለስ ብሎ የእድሩ ዳኛ ጨርቁን በእሱ እናድርስልህ አለኝ፤ እሱን እንኳን እምቢ አልኩ። ቂርቆስ ስንደርስ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ተነሳ፤ ባዶ መኪና አይቶ በአንድ ላይ ተቀመጠ። ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድነው ሄዱ። የሚቀጥለውም በረራ ያለሷ ገባ። ስትመጣ ለቀስተኛው ግማሹ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተመልሶ ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሰው ለልቅሶ የሚመጣው በሁለት ታክሲ ነው።

ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። አንዲት አንቀጽ። አገሮች በሚስማሙበት የበረራ ፖሊሲ ውስጥ፣ የሟች አስከሬን አንዴ ለበረራ ከተመዘገበ ለሌላ ጭነት ሲባል አይወርድም የምትል። ሌላ ነገር የላትም፣ ይኼው ናት። በአማርኛ ጻፏት፣ በእንግሊዝኛ ጻፏት፣ ምሳ ሰዓት እየመጡ ሱቄ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው አነበቧት። "አይወርድም" የሚለው ይጠነክራል፣ "ባይወርድ ይመረጣል" ይሻል ይሆን ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ለኔ። ስምንተኛ ክፍል ለቀረሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ መጡ። የኛ አህጉር አገሮችና ከባሕር ማዶ ያሉት ባለ ገንዘቦች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ በረራ ፖሊሲ ሊነጋገሩ ነው። ኃላፊያቸው አስጠርቶ፣ ጋሽዬ፣ አንቀጽዎ የአገር አቋም ሆኗል፤ ጉባኤው ላይም የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት ብሏቸዋል። ኃላፊው በልጅነቱ ውጭ የተማረ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ጨዋ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲጨብጥህ በሁለት እጁ ነው።

እኔ እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ከዚያ እንደ ልማዴ ጠየቅኩ። አገራችን ሌላስ ምን ትጠይቃለች አልኳቸው። ወደ ማዶ አገሮች የሚደረገው በረራ እንዲጨመር፣ አሉ፤ ደግሞ አውሮፕላናችን እዚያ አርፎ፣ የእነሱን ጭነት ጭኖ፣ ወደ ሌላ አገር እንዲቀጥል። ትልቅ ነገር ነው፣ ስንት ዓመት የተለመነ ነው አሉ።

"ከእርስዎ አንቀጽ ጋር ሦስት ሆነ ማለት ነው?"

"ሦስት ነው።"

ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር፤ አቆምኩ።

"ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። የእርስዎ ምሳ ናት።"

አልገባቸውም። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ሴትዮዋን፣ የሥራ አስኪያጁን ማፈር፣ እኔ በመጨረሻ ገብቼ የምለውን፣ ሁሉንም። ጋሼ በዚህ ሥራ ሸምግለው ይኼ አይጠፋቸውም ነበር። ሰው ግን ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን የሚያየውን፣ ለራሱ ልጅ ሲሆን አያየውም። ጆሯቸው ቀላ።

"ይኼ አገር ነው፣ ሱቅ አይደለም" አሉኝ። "አገር በሬሳ አይነግድም።"

"እንግዲያው ኃላፊዎን ይጠይቁት። ሦስቱም ካልሆኑ የቱ ይቀራል ይበሉት።"

በማግስቱ ተመልሰው መጡ፤ በር ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ ጠየቅኩት አሉኝ። ሦስቱም እኩል ናቸው አለኝ። አየህ፣ ሁሉን ሰው በራስህ ሚዛን አትመዝን አሉ። እሺ ጋሼ አልኳቸው። አስተባባሪዋ ሴትዮ አንድ ጊዜ ይኼኑ ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ቃል በቃል እሱን ነበር።

የጉባኤውን ጨርቅ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ባንዲራ ሲጣመም፣ ጨርቅ ላይ ቡና ሲደፋ የሚያቃና ሰው መቆም አለበት በሚል ሰበብ ከኋላ ቆሜ ዋልኩ። የጋሼ ተራ ሲደርስ ወረቀቱን አላነበቡም። ዘግተው አስቀመጡትና ተናገሩ። ስለ ቆርቆሮው ተናገሩ። ድንኳን ውስጥ ስለ ቆመውና ስለ ተቀመጠው ሰው ተናገሩ። ልጄ ናት አላሉም፤ አንዲት ወጣት ነው ያሉት። ግን ማንም አልተሳሳተም። በየጆሮው ማዳመጫ የሚተረጉመው ሰው እንኳን አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ጀመረው። በአዳራሹ ስልክ የሚነካካ አልነበረም።

ከማዶ አገሮቹ የአንዱ ተወካይ ተነሳ። ነጭ ቀሚሱ በኔ ወንበር ሽፋን ላይ ያምር ነበር። ሐዘናችን ጥልቅ ነው አለ። ነገር ግን አለ። ጭነት የሚመረጠው በንግድ ሕግ ነው፣ የሞተ ሰው ጉዳይ የሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የበረራ ፖሊሲ አይደለም፣ ወደሚመለከተው ይተላለፍ አለ። ይኼን ሲናገር ወደ ጋሼ ማየት አልቻለም፤ ባንዲራዬን ነበር የሚያየው። አፈረ። እኔ ያኔ ነገሩ እንዳለቀ አወቅኩ፤ ያፈረ ገዢ የሆነ ነገር መስጠት አለበት።

ቡና እረፍት ላይ ኃላፊውና ባለ ነጭ ቀሚሱ መስኮቱ ጋ ቆመው አወሩ። ብዙ አላወሩም። ከዚያ ኃላፊው ወደ ጋሼ መጣ። ኩኪስ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ፤ እኔ ከጠረጴዛው ሥር የተጎተተ ጨርቅ እሰበስባለሁ። ጎንበስ ያለ ሠራተኛ አይታይም።

"ጋሽዬ፣ ዛሬ የሠሩትን ማንም አልሠራም" አለ ኃላፊው። "በረራውም ጭነቱም እሺ ተብሏል።"

"አንቀጹስ?"

"እሱን በወዳጅነት መንፈስ ለጊዜው እንተወዋለን። እርስዎ ራስዎ ቢተዉት ነው የሚሻለው። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ክብደት አለው።"

ጋሼ ስኒ ይዘው ነበር። አስቀመጡት፤ መልሰው አነሱት።

"ሦስቱም እኩል ናቸው ብለኸኝ ነበር።"

"እኩል ናቸው እኮ። አሁን ግን ሁለቱ ተገኙ። ደግሞ ያስቡት ጋሽዬ፤ በረራ በዛ ማለት አስከሬን ቶሎ ገባ ማለት ነው። ከአንቀጽ ይልቅ አውሮፕላን አይሻልም?"

ኃላፊው ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ያለው ሁሉ ግን በሒሳብ ትክክል ነው። አገር የሚበላው ከበረራ ነው። በአንቀጽ ማንም አይበላም።

ከእረፍት ሲመለሱ ጋሼ ማይኩን ጠየቁ። አገሬ በወዳጅነት መንፈስ ሐሳቡን ትታለች አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቀኑን ሙሉ የተጨበጨበለት ሌላ ሰው የለም። ባለ ነጭ ቀሚሱ ጠረጴዛ ዞሮ መጥቶ አቀፋቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ የእውነት እንባ። ፎቶ አንሺው እሱን አነሳ። በመግለጫው ላይ አገራችን ስላሳየችው መግባባት ተመሰገነች።

ሲወጡ ጠበቅኳቸው። ወደ ሜክሲኮ አደባባይ በእግር እንሂድ አሉ። ታክሲ ሰልፉ ጋ ስንደርስ፣ ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ እኮ አሉኝ። ለራሴ። ሰው ሲያጨበጭብ እጅ ዝም አይልም። እኔ ልላቸው ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ነግሬዎት ነበር የሚል። ተራቸው ደረሰና ገቡ፤ ሳልለው ቀረሁ። ባልለውም ግን አውቀውታል፤ ለብዙ ጊዜ ሱቄ አልመጡም።

በረራው ተጨመረ። ጨርቄ ከድሮው ቶሎ ይገባል፤ በዚህ በኩል ጉባኤውን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። አስከሬንም ቶሎ ይገባል የሚሉ አሉ። አሁንም ይወርዳል የሚሉም አሉ። ጋሼ ማዕረግ ተሰጣቸው፣ ጉባኤ ባለበት ሁሉ መላክ ጀመሩ። ኮት ለወጡ።

ወደ ሱቄ ተመልሰው ሲመጡ ሌላ ሰው ነበሩ ማለት አልችልም፤ ያው ናቸው፣ ድምፃቸው ብቻ ደርቋል። ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ሌላ ጉባኤ እየመጣ ነው፤ እዚሁ። አገራችን አሁን ደግሞ በትልቁ የዓለም የበረራ ምክር ቤት ወንበር ትፈልጋለች፣ ለወንበሩ የማዶዎቹ ድምፅ ያስፈልጋል። ኃላፊው አንቀጿን መልሰን እናምጣት ብሏል። የምትወደድ አጀንዳ ናት፣ ሰው ያስታውሳታል ብሏል። ጋሼ ቢሮው ውስጥ ቆመው ሞከሯት። ስለ ቆርቆሮው ተናገሩ፣ ስለ ድንኳኑ ተናገሩ። ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ጋሽዬ፣ ሞቅ አላለም አላቸው።

"ሊል አይችልም" አልኳቸው። "አሁን ዋጋውን አውቀዋል። ያወቀ ሰው ድምፁ አይንቀጠቀጥም።"

"እሱም እንደዚያ ነው ያለኝ። ሌላ ሰው ያምጡ አለኝ። ሐዘኑ ትኩስ የሆነ።"

"እምቢ ይበሉ እንግዲህ።"

ጋሼ የኮታቸውን እጅጌ አቃኑ።

"እምቢ ብል አንቀጿ ከጠረጴዛው ትወርዳለች። ጠረጴዛው ላይ ካለች አንድ ቀን የሚገዛት ሞኝ ይገኝ ይሆናል። ካልቀረበች ግን ማን ይገዛታል?"

እኔ ምሳውን የገዛ ሆቴል አጋጥሞኝ አያውቅም። ይኼን ግን አልነገርኳቸውም፤ አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ምን ጠቀመ።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ቂርቆስ ሌላ ድንኳን ተተከለ። በጋሼ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ናት፤ እህቷ ከማዶ በሣጥን መጥታ ተቀብራ ነበር። የዚያን ቀን ተራው የኛ እድር ነበርና ሄድኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ በሳህን ይዞራል። ኃላፊው መጥቶ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትንሽ ተቀምጦ ሄደ። ጋሼ ግን ቀሩ። ከልጅቷ አጠገብ ያለው ሰውዬ ሲነሳ ቦታውን ያዙ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚለውን አሉ። እግዜር ያጽናሽ፣ የኔም ልጅ እንዲሁ ነው የመጣችው አሉ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። የደረሰባቸውን ስለምታውቅ ከማንም ይልቅ እሳቸውን አመነች። ከዚያ ቀስ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አስከሬኑ መቼ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መቼ መጣ፤ ያልመጣ ቀን ምን አሏችሁ። ድምፃቸው ልዝብ ነው። የሚያያቸው ሰው ሁሉ አባት ያጽናናል ነው የሚለው። እኔ ግን ሰው ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ልጅቷ ነገረቻቸው። የአጎቷ ልጅ እዚያ ማዶ አውሮፕላን ማረፊያ በረንዳ ጽዳት ይሠራል። ሣጥኑን አውርደው ሜዳ ላይ ሲተዉት በመስኮቱ መስታወት በኩል አይቷል። ፀሐይ ላይ ነበር። ሄዶ እንዳይጠጋ ከለከሉት፤ ስለዚህ ሥራውን እስኪጨርስ ከሩቅ ሲጠብቃት ዋለ።

"ፀሐይ ላይ" አሉ ጋሼ።

"አዎ። ጥላ እንኳን አላገኘችም።"

"ይኼን ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ለማን እነግራለሁ ጋሼ? እናቴ እንዳትሰማ።"

ጋሼ ወደሷ ጠጋ አሉ። ስለ ጉባኤው ነገሯት፣ ስለ አንቀጿ ነገሯት፤ በእሳቸው ጊዜ ለጥቂት እንደቀረ፣ አሁን አገሮቹ እንደሚያውቋት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ራሷ ተነስታ ብትናገር ማንም ችላ ሊላት እንደማይችል። ያሉት ሁሉ በሒሳብ ትክክል ነበር። ልጅቷ ቀና አለች። ከገባሁ ጀምሮ ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው።

"ይሰሙኛል ጋሼ?"

"ይሰሙሻል። ቃል እገባልሻለሁ።"

"ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ካለቀስኩስ?"

ጋሼ እጇን አልለቀቁም። እኔ ከማዶ ወንበር ላይ እንዳለሁ ያውቃሉ፤ ወደኔ አላዩም።

"እንባሽ ቢመጣ አትታገዪው" አሏት።

ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና እሞክራለሁ አለች።